እድር ነቅሎ የወጣለት ዘፈን

ልጄ ማህሌት ሰርጓ ሁለት ወር ሲቀረው እስክሪብቶና ደብተር ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። የሰርግ ነገር ስትጽፍ ልጄ አይደለችም፤ መርማሪ ፖሊስ ናት። ስለ ሥጋው፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ መኪናው ስታፋጥጠኝ ቆይታ በመጨረሻ ቀና አለችና፣

«አባዬ፣ አዳራሽ ስንገባ ስሎው ነው የምንፈልገው» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ነዋ! እጅ ለእጅ ተያይዘን ቀስ እያልን እንገባለን፤ ሰው ቆሞ ዝም ብሎ ያየናል። አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገባው።»

ሳቅኩ። ሳቄ ቤቱን ሞላው ብል አሳነስኩት፤ ቤቱን ሞልቶ በመስኮት ወጥቶ የጎረቤት ውሻ አስጮኸ። ባለቤቴ አስካል ከጓዳ ሆና «ደግሞ ምን ነካው?» አለች። ማህሌት ደብተሯን ዘግታ ተቀየመችኝ። ምን እንዳሳቀኝ ባስረዳት የሥጋው ጉዳይ ሳይቋጭ ስለሚመሽ ዝም አልኩ። ለናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ሥጋና አዳራሽ አትጠይቁኝም።

ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈንን ምሥራቅ ጎጃም ሰርግ ላይ መጀመሪያ ያስገባነው እኛ ነን። ሌላ ሰው ነው የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። ዛሬ ስሎው ይሉታል። ያኔ ስም አልነበረውም። ስም ስላልነበረው ሰው ከሚያውቀው ነገር ጋር አመሳሰለው፤ ያመሳሰለበት ነገር ነው ጉድ ያፈላው።

እኛ ስል ሦስት ሰዎች ነን። አንደኛው ዘላለም ነው፤ ኋላ ካሴቱ ያልገባበት ቡና ቤት ያልነበረው ዘላለም። ያኔ ግን ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም የቢችና ልጅ ነበር። ሁሉ ነገሩ ቀስታ ነው። ጠዋት «ደህና አደርክ?» ካላችሁት መልሱን የምታገኙት ከምሳ በኋላ ነው። ሲሮጥ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ንብ አሯሩጦት ነው፤ ንቡም ሰልችቶት ተመለሰ።

ሁለተኛው ጋሽ ኤልያስ ነው፤ ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር። ከአውቶቡስ ሲወርድ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ሳክስፎን ይዞ ነበር። ቢችና ሳክስፎን አይታ አታውቅም። አውቶቡስ ተራ የነበሩት ሴቶች አዲስ ዓይነት የአረቄ ማውጫ መሰላቸው፤ አንዷማ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ይሄ በቀን ስንት ጠርሙስ ያወጣል?» ብላ ጠይቃዋለች። ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ይልቅ ካሴት ይበዛል። ጥቁር አሜሪካውያን ስለ ፍቅር በለሆሳስ የሚያዜሙበት፣ ጃዝ የሚባል ነገር ነው።

ሦስተኛው እኔ ደምሌ ነኝ። በአጎቴ ሬዲዮ መጠገኛ ውስጥ እሠራ ነበር። በባንዱ ደግሞ ከበሮ መቺ፣ የሞንታርቦ ኃላፊና ማናጀር ነበርኩ። ማናጀር ማለት ያኔ ውሸታም ማለት ነበር፤ ማንም አልተወዳደረኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋሽ ኤልያስ በረንዳ ላይ እንለማመዳለን። በክረምት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከኔ ከበሮ የተሻለ ምት ነበረው። ጋሽ ኤልያስ ሳክስፎኑን ከአፉ ነቅሎ፣ «ዘላለም፣ ቃሉን ቶሎ አትስጣቸው። ከበሮው ይለፍህ። ሰው ‹ረሳው እንዴ?› ብሎ ሲጨነቅ ያን ጊዜ ስጠው» ይለዋል። ዘላለም ለመዘግየት ምክር የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። አፉን ሲከፍት ግን ከዚያ ቀጭን አንገት የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነበር። ከታች ተነሥቶ፣ መሃል ላይ ተሰብሮ፣ እንደገና ራሱን አንሥቶ ይወጣል። ጋሽ ኤልያስ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ይሄን ስብራት ከየት አመጣኸው? ካሴቱ ላይ የለም እኮ» ይለዋል።

ዘላለም ትከሻውን ይነቀንቃል። እኔም አላውቅም። ነገሩ ከደጃችን ነበር፤ እኛ አላየነውም።

የዘላለም እናት እትዬ የሻረግ የቢችና ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ እሳቸው። እትዬ የሻረግ ለቅሶ ቤት ገብተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ግጥም ካወረዱ የሟቹ ዘመድ ቀርቶ የሟቹ ባላንጣ መሬት ለመሬት ይንከባለላል። ባላቸው ቀድመዋቸው ስለሞቱ፣ ዘላለምን የሚያቆዩበት ስላልነበራቸው፣ አዝለውት ነበር ከለቅሶ ለቅሶ የሚዞሩት። ልጁ በእግሩ ከመሄዱ በፊት የሃገሩን ሟች ሁሉ በጀርባ ሆኖ ቀብሯል።

እሳቸው ግን ልጃቸው መዝፈኑን ቢያውቁም ሲዘፍን ሰምተውት አያውቁም። እቤት እንዳይዘፍን ከልክለውት፣ እሱ ወይ ጋሽ ኤልያስ በረንዳ ላይ፣ ወይ ከከተማው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ነበር የሚያንጎራጉረው። ያን ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ የጥኖራ በምትባል የገጠር ከተማ የመምህርነት ቦታ ተገኘለት። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ሄጄ ዘፋኝ እሆናለሁ አለ። እናትና ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። እርግጥ ዘላለም በደህና ጊዜም ብዙ ስለማያወራ፣ መኳረፋቸው የገባኝ በአምስተኛው ቀን ነው።

አስታራቂ ሆኜ ሄድኩ። እትዬ የሻረግ ግቢያቸው ውስጥ ብቅል እያሰጡ ነበር። የበቀለው ገብስ ጠረን ጣፋጭም ጎምዛዛም ሆኖ አፍንጫዬን ሞላው።

«እትዬ፣ ልጅዎ ሲዘፍን ወፎች ዛፍ ላይ ራሳቸውን ይስታሉ» አልኳቸው።

«አንተ ቀጣፊ! የሳተ ወፍ አምጣና አሳየኝ።»

«ሰው ይመስክር እንግዲያ። ሞጣ ለሰርግ ተጠርተናል። የክፍል ጓደኛችን የሞጣ ልጅ ሊያገባ ነው።»

ብቅሉን መበተን ትተው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ዘላለምን ጠሩትና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«አንድ ሰርግ። አንድ ብቻ። ዘፍነህ ሰው ካጨበጨበልህ መርቄህ አዲስ አበባ ትሄዳለህ። ካላጨበጨበልህ ጠመኔህን ይዘህ የጥኖራ። ተስማማን?»

ዘላለም ምሽት ላይ «እሺ» አለ።

ሙሽራው የጠራን እኔን አምኖ ነው። ኦርኬስትራ አለን ብዬው ነበር። ስንት ሰው እንደሆነ ሲጠይቀኝ «እንደ ሰርጉ ስፋት» አልኩት።

ጥር ነበር። ጤፍ ተወቅቶ ገለባው በየመንገዱ ዳር የሚበንበት፣ ሰው ሁሉ የሚያገባበት ወር። የእህል አይሱዙ ላይ ተሳፍረን፣ ሞንታርቦውን በጋቢ ጠቅልለን፣ ከቢችና ሞጣ ሄድን። ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። አቧራው ከመብዛቱ የተነሣ ደብረ ወርቅ ስንደርስ ጆሮዬ ውስጥ ጤፍ ቢዘራ ይበቅል ነበር። ጋሽ ኤልያስ ሳክስፎኑን እንደ ሕፃን ኮቱ ውስጥ አቅፎ ተቀምጧል። ዘላለም መንገዱን ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር፤ የሚዘፍነው ዘፈን እራሱ የጻፈው ነው።

ቆዪማ ጥቂት ቆዪ፣ ጀንበሯ አልጠለቀች፤
ልቤ ያሰበችውን ገና አልተናገረች።

ይቺን ለየትኛዋ ልጅ እንደጻፋት ዛሬም አልነገረኝም። እኔ በግምት ስድስት ልጆች አግኝቼላታለሁ።

ሞጣ የሙሽሪት ግቢ ስንደርስ ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኗል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ጠጁ በጋን ቆሟል። የዚያን ጠጅ ነገር አንሥቼ ባልጨርስ ይሻላል፤ አንዱን ብርሌ የጠጣ ሰው ሁለት ጥላ ነው የሚጥለው። ከጋኑ አጠገብ የሙሽሪት አያት አባ ታፈረ ተቀምጠዋል። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ጥርሳቸው ሁለት ነው፣ በሁለቱ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ። ለሚመጣው ሁሉ እየተነሡ «ኑ፣ እልፍ በሉ» ይላሉ።

ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰው ሳይጠይቀኝ አምናለሁ። የሞንታርቦውን ጡሩምባ ዳሱ ውስጥ ማስቀመጥ ስችል፣ ሞጣ ማን እንደመጣ ይወቅ ብዬ ግቢው ውስጥ ካለው ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቼ አሰርኩት። አፉንም ወደ ገበያው አዞርኩት። የገበያ ቀን ነበር። ኃይሉን ከአይሱዙው ባትሪ ሳብኩና ማይክራፎኑን ያዝኩ።

«ክቡራትና ክቡራን! ከቢችና እስከ ድሬዳዋ ስሙ የገነነው ታላቁ ኦርኬስትራችን...»

ከኋላዬ የቆሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ጊዜው ቀትር አልፎ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ከኛ በፊት አዝማሪው ዳሱን አፍልቶት፣ እስክስታው ትከሻ እስኪያወልቅ ተመትቷል። ሰው ሁሉ እጁን ለጭብጨባ አዘጋጅቶ ጠበቀን። ጋሽ ኤልያስ ዐይኑን ጨፈነና ሳክስፎኑን ነፋ። ረጅም፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነው። አንዱን ድምፅ ነፍቶ፣ ጠብቆ፣ ሌላውን ነፋ። ቀጥሎ ዘላለም ገባ። እንደተማረው ከበሮዬን አሳለፈኝ። ሰው ለማጨብጨብ እጁን ዘረጋ፤ ሁለተኛው ምት ስላልመጣ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እኔ ከፊት ቆሜ እንዳየሁት፣ ሦስት መቶ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ እጆቹ ቀስ እያሉ ወረዱ። ፊት ለፊት የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች። ሙሽሪት ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ይሄኔ እኔ «ገባቸው!» ብዬ ደስ አለኝ።

ገበያው ውስጥ ደግሞ ምን እንደተሰማ ላስረዳችሁ። ሞጣም እንደ ማንኛውም ከተማ ሰው ሲሞት የእድር ጡሩምባ ይነፋል። የገበያው ሰው በርበሬውን እየሰፈረ፣ ማሩን እየቀመሰ ሳለ ከእነ አባ ታፈረ ግቢ ጡሩምባ የመሰለ ነገር ተነፋ። ጡሩምባውን ተከትሎ ደግሞ አንድ ሙሾ አውራጅ፣ ያውም የተካነ፣ ያውም በሞንታርቦ፣ ማውረድ ጀመረ። ቃሉ ከዚያ ርቀት አይለይም። ድምፁ ግን አያሳስትም። የእነዚያ ሰዎች ጆሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ የሚያውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ግቢ ሊሞት የሚችለውን ሰው ለመገመት ደግሞ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ዘላለም ሁለተኛውን ስንኝ ሊጀምር ሲል የግቢው በር ተበረገደ።

ሴቶቹ ናቸው የቀደሙት፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ። «ወይኔ አባ ታፈረ! ወይኔ አባቴ! በልጅ ልጃቸው ሰርግ!» ከነሱ ኋላ ወንዶቹ፤ ከወንዶቹ ኋላ የእድሩ ዳኛ፤ ከዳኛው ኋላ በስምንት ሰው ሸክም የእድሩ ድንኳን ከነቋሚው፣ ከነአግዳሚ ወንበሩ። እንዴት እንደፈጠኑ እግዜር ይወቅ፤ የሞጣ እድር ያን ቀን ለሩጫ ውድድር ቢቀርብ ሜዳሊያ ያመጣ ነበር።

አባ ታፈረ ለቅሶ ሲሰሙ እንደ ደንቡ ከወንበራቸው ተነሥተው ማልቀስ ጀመሩ። አንዲት ሴት ዐይኗን ጨፍና እያለቀሰች እግራቸው ሥር ወደቀች። ጎንበስ አሉና፣

«ልጄ፣ ማን ነው የሞተብን?» አሏት።

«አባ ታፈረ ናቸው እንጂ!» አለች ሳታያቸው።

«ውይ! መቼ?»

«አሁን፣ ሰርጉ መሃል!»

«አይ የሰው ነገር» አሉ አባ ታፈረ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ዛሬ ጠዋት እኮ ደህና ነበር።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ያን ጊዜ የጮኸችውን ጩኸት ለመስማት ሞንታርቦ አያስፈልግም ነበር።

ነገሩ እስኪገለጥ ብዙ አልቆየም። ሳቅ ከአንዱ ጥግ ተነሣና ዳሱን ዞረው። የሙሽሪት አባት ግን አልሳቁም። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «በልጄ ሰርግ የለቅሶ ድንኳን አስመጣችሁብኝ! አጥፉልኝ ይሄን!» አሉኝ። አጠፋሁት። ዘላለም ማይክራፎኑን እንደያዘ ቆሟል። ዘፈኑ ከመሃል ተቆርጦ ቀርቷል። አንድም ሰው አላጨበጨበም።

የእድሩ ዳኛ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ «እንግዲህ ይዘን መጥተናል፣ ባዶውን አንመልሰው» አሉና ድንኳኑ ከዳሱ ጎን ተተከለ። አልቃሹ ሁሉ ነጠላውን አስተካክሎ ለሰርግ ተቀመጠ፤ ዶሮ ወጡም በቃ። አባ ታፈረ ዘላለምን አስጠርተው ትከሻውን ያዙት።

«ልጄ፣ ተባረክ። የራሱን ለቅሶ ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ከኔ ሌላ የለም። የእውነቱን ስሞት አንተ ትመጣለህ፤ ሌላ ሰው እንዳያዝረከርክብኝ።»

እሳቸው ማመስገናቸው ነው። ዘላለም ግን ፊቱ አመድ መሰለ። እጃቸውን ስሞ ወጣና አይሱዙው ላይ ኮቱን ተከናንቦ ተቀመጠ። ጠጅ ይዤለት ሄድኩ፤ አልጠጣም። ቀልድ ይዤለት ሄድኩ፤ አልሳቀም። በሕይወቴ ቀልዴ እንደ ባዶ ብርሌ ተመልሶ ሲመጣልኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

በነጋታው ጠዋት አይሱዙው አልነሣም አለ፤ ባትሪውን ሞንታርቦው ጨርሶታል። ድንኳናቸውን ሊነቅሉ የመጡት የእድሩ ሰዎች ናቸው ገፍተው ያስነሡልን። ከሞጣ የተሸኘነው እንደ አስከሬን በእድር ነው ብል ትንሽ ብቻ ነው ያጋነንኩት።

ደብረ ወርቅ ለሻይ ስንወርድ ዘላለም ብርጭቆውን እያየ፣ «የጥኖራ ቆንጆ አገር ነው ይላሉ» አለ። ጋሽ ኤልያስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። እኔ ከዚያ ጀምሮ ለእትዬ የሻረግ የምነግራቸውን ውሸት ስገነባ ሄድኩ። ጥሩ ውሸት ነበር። ሦስት ሺህ ሰው ነበር። እጁ እስኪላጥ ነበር ያጨበጨበው። ሙሽራው ራሱ ሰርጉን ጥሎ ሊከተለን ነበር።

ወሬው ግን ቀድሞናል። ቢችና አውቶቡስ ተራ ስንወርድ አንዱ ቆብ አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለን።

እትዬ የሻረግ ዛሬም ብቅላቸው ዘንድ ናቸው። ደርቆ ሊፈጭ የደረሰውን እየገለባበጡ ነው። ቀና ብለው ልጃቸውን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«አጨበጨቡ?»

አፌን ከፈትኩ። ሦስቱ ሺህ ሰው ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፏል። ዘላለምን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«አላጨበጨቡም እትዬ። አለቀሱ።»

«ስንት ሰው?»

«ሞጣ በሙሉ።»

«አታጋንን።»

«እናቴን እትዬ፣ ዛሬ እውነቴን ነው።»

«ድንኳን ይዘው መጡ የሚሉት እውነት ነው?»

«ከነቋሚው።»

«አግዳሚውንም?»

«አግዳሚውንም።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብለን ደንግጠን ጠጋ ስንል እየሳቁ ናቸው። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሲበቃቸው እንባቸውን ጠረጉና ዘላለምን፣ «በል ዝፈነው» አሉት።

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

ያለ ሞንታርቦ፣ ያለ ሳክስፎን፣ ብቅሉ አጠገብ ቆሞ ዘፈነ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። እትዬ የሻረግ አንድ እጃቸው ብቅሉ ውስጥ እንደተቀበረ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ዘላለም ሞጣ ላይ ከተቆረጠበት ስንኝ ሲደርስ ግን ድምፁ እምቢ አለውና አቆመ። በኋላ እትዬ የሻረግ በቀስታ፣

«ይሄ የኔ ነው» አሉ። «በጀርባዬ ላይ ተኝተህ የነበርክ ይመስለኝ ነበር።»

ዘላለም ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ መለሰ። «አላወቅኩም እማ።»

«ምኑን ታውቃለህ!» አሉና ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ ያደረጉትን ጋሽ ኤልያስ እስኪሞት ሲያወራው ኖሯል። ጣታቸውን ልጃቸው ደረት ላይ አድርገው፣ «እዚህ ጋ ቀድመሃቸው ታለቅሳለህ። አታልቅስ። አንተ በሩን ክፈትላቸውና ዞር በል፤ እነሱ ራሳቸው ይግቡ። ደግሞ ትንፋሽህን እዚህ አትጨርሰው፤ ለመመለሻ አስቀር» አሉት። ጋሽ ኤልያስ ሳክስፎኑን አቅፎ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሁለት ዓመት ሊያስረዳው የሞከረውን ነገር፣ ካሴት ሰምተው የማያውቁ ሴትዮ ከብቅል ላይ ተነሥተው በአንድ ደቂቃ ጨረሱት።

«የጥኖራ ቀርቷል» አሉ በመጨረሻ። «ሂድ። ጭብጨባማ ለሁሉም ይጨበጨባል። ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ፤ ሰርግ ላይ አትዝፈን። ይሄ ድምፅ ሰው ደስ ብሎት ከተቀመጠበት ቤት አይገባም።»

ዘላለም ቃል ገባ፤ ጠበቀም። የቀረውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ገብቶ በየሆቴሉ ከፒያኖ አጠገብ ቆመ፤ ነጭ ኮት ለብሶ የተነሣበት ካሴት ወጣለት፤ ሚስቱን ያስቀየመ ባል ሁሉ ያንን ካሴት ገዝቶ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው። ትልልቅ ሰዎች ለልጆቻቸው ሰርግ ለመኑት፤ እምቢ አለ። ኩራት መሰላቸው። አባ ታፈረ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ሞት አንዴ ተለቅሶላቸዋል ብሎ ሳይዘላቸው አልቀረም። የእውነቱ ሲመጣ ዘላለም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጣ ድረስ ሄዶ አዜመላቸው። እናቱ የሞቱ ቀን ግን ቢችና ውስጥ ሙሾ የሚያወርድ ሰው ጠፋ፤ አውራጇ ራሳቸው ነበሩና ሟቿ። ሰው ሁሉ ዘላለምን አየ። እሱ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ አፉን ሳይከፍት ዋለ።

ማህሌት ደብተሯን ዘግታ ከተቀየመችኝ በኋላ ስልኬን አንሥቼ ደወልኩለት።

«ዘላለም፣ ማህሌት ልትዳር ነው። ስሎው ትፈልጋለች።»

ዝም አለ። የዘላለም ዝምታ ምንም ማለት ስላልሆነ ጠበቅኩት።

«እማ አትዝፈን ብላኛለች።»

«እሳቸው ሰው ያለቅሳል ብለው ነው። ያሁን ሰው አያለቅስም፤ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽሃል።»

«ካላለቀሰማ ምን ያደርግልኛል?» አለ። ቆይቶ፣ «እመጣለሁ። ማህሌትን በሕፃንነቷ አቅፌያታለሁ፣ እማም ብትሆን አትቀየመኝም። ሞንታርቦውን ግን አንተ እንዳትነካው» አለኝ።

አልነካሁትም። የሰርጉ ቀን እዚሁ ቢችና፣ አዳራሹ ውስጥ ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ፀጉሩ ከማይክራፎኑ በላይ ነጭ ሆኖ ቆመ። የሳክስፎኑን ድምፅ አንድ ወጣት በኦርጋን አወጣው፤ ጋሽ ኤልያስ ቢሰማ ኖሮ ከሒሳብ ይጥለው ነበር። ማህሌትና ባሏ ቀስ እያሉ ገቡ። ሰው ቆሞ ዝም አለ፤ ስልኮች ተነሡ።

ቆዪማ ጥቂት ቆዪ፣ ጀንበሯ አልጠለቀች።

ያችው ናት። ሞጣ ላይ የተቆረጠችበት ስንኝ ስትደርስ ወንበሬን ጨብጬ በሩን ማየት ጀመርኩ። ድንኳን አልመጣም። ከኋላ ረድፍ ግን የእትዬ የሻረግ ጎረቤት የነበሩት እማማ ጥሩ፣ ነጠላቸውን ቀስ አድርገው አዘቀዘቁ። እሳቸው አልተሳሳቱም። ማን ሲያወርድ እንደሰሙ ያውቃሉ። ዘላለምም አያቸው። ድምፁን አልሰበረም፤ ፊቱን ብቻ ትንሽ ዞር አደረገና አሳለፋቸው።

አስካል በክርኗ ጎሰመችኝ። «ምን ያስለቅስሃል? ልጅህ የተዳረችው ሁለት ቤት አልፋ ነው!»

ዘፈኑ አለቀ። ሰርግ ላይ ሲጨርሰው ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ...

በነጋታው የተከራየሁትን ወንበር ልመልስ ስወጣ በእነ እትዬ የሻረግ ግቢ በኩል አለፍኩ። ብቅል የሚሰጣበት ቦታ ላይ ዛሬ የሰው መኪና ይቆምበታል። ማንም አለመኖሩን አየሁና ቆምኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «አጨበጨቡ።»

«ስንት ሰው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሁለት መቶ አርባ ወንበር ነበር፤ ሁለት መቶ አርባ ሰው። እማማ ጥሩ ነጠላቸውን ይዘው ስለነበር ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ይበሉት። ቆጥሬያለሁ፤ አላጋነንኩም።